ማሙሽ ተገኝቷል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታ አሳጠርሽ አትበለኝ፤ ልብህ ተንጠልጥሎ እንደከረመ አውቃለሁ። ወንድማችን ማሙሽ ተገኝቷል። ጤነኛ ነው፤ ይህን ስጽፍልህ እኔ ቤት ሶፋው ላይ ተኝቷል። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለብቻህ ሆነህ አንብበው። እማዬ የምትሰማውን በሌላ ወረቀት ለይቼዋለሁ፤ እሱን ጮክ ብለህ አንብብላት።

በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። እናንተ ዘንድ ስልክ ሲደወል ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ ተደርጎ ነው የሚከፈተው፤ እማዬ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ ትጠጋለች። ያ ደም ብዛቷ እንዲህ ያለውን ወሬ አይችልም። ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው እስካገኝ ዝም አልኩ። «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው» ያልኳችሁም ለዚሁ ነው።

ታስሮ ነበር። ሰርቆ አይደለም፤ ሰው ነክቶም፣ ጠጥቶም አይደለም። ከመታሰሩ በፊት፣ ምግብ ለማድረስ በጓደኛው መኪና ሲሠራ ፖሊስ አስቆመው። የአገር ቤቱን መንጃ ፈቃድ አሳየ፤ እዚህ ነዋሪ ለሆነ ሰው ግን እሱ አይበቃም፣ የሜሪላንድን ማውጣት አለበት። ይህ ደግሞ ቅጣት ከፍለህ የምትገላገለው ነገር አይደለም፤ ዳኛ ፊት መቅረብ ግዴታ ነው። መጥሪያው በፖስታ መጣ፤ እሱ ቤት ቀይሮ ስለነበር ወረቀቱ የሄደው ወደ ቀድሞው አድራሻ ነው። በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት። ልጁ ምኑንም አያውቅም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ መኪና አልነካም፤ ምግቡን በብስክሌት ነበር የሚያመላልሰው። አንድ ማታ መኪና ገጨት አድርጎት ወደቀ፤ ክርኑ ከመላጥ በቀር ምንም አልሆነም። ሊረዳው የመጣው ፖሊስ ስሙን ቢያስገባ ትእዛዙን አገኘ። በዚያው ወሰዱት።

እህቱ አጠገቡ እያለች እንዴት ሳታውቅ ቀረች ትል ይሆናል። ወንድሜ፣ አጠገብ ማለት እዚህ እንደ ደሴ አይደለም። እኔ አዛውንት ስጠብቅ የማድረው ሌሊት ነው፣ እሱ የሚሠራው ቀንና ማታ ነው፤ የምንገናኘው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ሲቀር ሥራ ገብቶ ነው አልኩ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ደግሞ እኔ ጋ ያለ መስሏቸዋል። የኋለኛው እሑድ እማዬ ደውላ «ድምፁን አላሰማኝም፣ ህልሜም ጥሩ አይደለም» ስትለኝ ነው ጉልበቴ የከዳኝ።

መጀመሪያ ሆስፒታሎቹን ጠየቅሁ። ከዚያ የኛን ካውንቲ እስር ቤት፤ የለም አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ በለው። እኛ ያለንበት ሞንትጎመሪ ይባላል፤ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ትንሽ እንደሄድክ፣ ያው መንገድ ሳይቋረጥ፣ ላንግሊ ፓርክ ስትደርስ ፕሪንስ ጆርጅስ ገብተሃል። ፖሊሱ ሌላ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ፣ እስር ቤቱ ሌላ። ማሙሽ የወደቀው ከዚያኛው ወገን ነው። ስሙም በመዝገብ ላይ ፓስፖርቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይለያል፤ በስም ስንፈልግ ጠፍቶ በልደት ቀኑ ወጣ። የዚህ አገር ፍርድ ቤት መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት መሆኑን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የጎጃም ልጅ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ከፍተን ስናየው የክሱ ቁጥር፣ የተያዘበት ቀን፣ የዋስትናው መጠን ሁሉ ተጽፏል። አምስት ሺህ ዶላር።

አንጀቴን የበላው ይህ ነው። ዋስትና ተፈቅዶለት ሳለ የሚከፍልለት አጥቶ ነው የተቀመጠው። ሕጉ ጥሩ ነው፤ የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር የሚባል ሹም ፊት ይቀርባል፣ እሱ ካልለቀቀው ደግሞ በሚቀጥለው የችሎት ቀን ዳኛ ያየዋል። ለማሙሽም በነፃ ጠበቃ ቆሞለታል። ዳኛው ግን «ከዚህ በፊት ቀጠሮ አላከበረም» ብሎ አምስት ሺውን ወሰነ። ማሙሽን ስልኩን ተቀብለውታል፤ የኔ ቁጥር ስልኩ ውስጥ እንጂ ጭንቅላቱ ውስጥ የለም። በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር የእማዬን ነው፣ የደሴውን። ከዚያ ስልክ ወደ ውጭ አገር መደወል ባለመቻሉ አመሰገነ፤ «ቢሠራ ኖሮ ደውዬ እገላት ነበር» አለኝ።

አባባ የጎረቤታችንን ልጅ ሊያስፈታ የቤቱን ካርታ ይዞ ጣቢያ የሄደ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እማዬ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ቋጥራ ስትልከን፣ ፖሊሱ እንጀራውን ቅመሱ ሲለን። እዚህ ስንቅ የለም። ምግብ ይዤ ልሂድ ብል አይቀበሉም፤ በስሙ ገንዘብ ታስገባለታለህ፣ እሱ ከውስጥ ይገዛል። ጾም ነውና በዳቦና በፖም ነው የሰነበተው። ይህንን ለእማዬ እንዳትነግራት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ዓይንህን የጣልክበት እሱ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልቀየምህም። ለእኅታችን ለሚጣ ሰርግ ያልኩት የዕቁቤ ገንዘብ ነው ለዋስትና የተያዘው። እዚህ ዋስ የሚሆኑ ነጋዴዎች አሉ። አሥር በመቶውን፣ አምስት መቶ ዶላር፣ ለነሱ ትከፍላለህ፣ እነሱ ለሙሉው ይፈርማሉ፤ አምስት መቶው ግን አይመለስም። እንዲያ ማድረግ ነበረብሽ ትለኛለህ። የጠየቅሁት ነጋዴ ቤት ያላቸው ሁለት ሰዎች አብረውኝ እንዲፈርሙ ፈለገ። ቤት ያላቸው የማውቃቸው ሰዎች የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ጋ ብሄድ ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ ደሴ ይደርስ ነበር። የሙሽራዋ ወንድም አሜሪካ እስር ቤት ነው ሲባል የአማቾቻችን ሽማግሌዎች ምን ይላሉ? ለሚጣ ብዬ ነው ከሚጣ የወሰድኩት። ሙሉውን በራሴ ስም አስያዝኩ። ቀጠሮውን ካከበረ፣ ክሱ ሲዘጋ ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ለኔ ይመለሳል።

ከመክፈሌ በፊት ግን አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማከርኩ። የማሙሽ የጥገኝነት ጥያቄ ገና ስላልተወሰነ፣ ኢሚግሬሽን «ስትለቁት ለኔ አስረክቡኝ» ብሎ እንደሆነ መጀመሪያ ማጣራት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ገንዘቡን ከፍለህ ልጁ ከአንዱ እስር ወጥቶ ሌላው ይገባል። ተጣራ፤ የለበትም። መታሰሩን ግን ከነሱ መደበቅ አይቻልም፤ የሥራ ፈቃዱን ሲያድስ «ተይዘህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፣ እውነቱን ይጽፋል። የጠበቃው ክፍያ ሌላ ነው፤ እሱን ለኔ ተወው።

አፐር ማርልቦሮ የሚባል ከተማ ነው እስር ቤቱ፤ ማታ አውቶቡስ የለውም፣ የጎጃሟ ልጅ ነች በመኪናዋ ያደረሰችኝ። የወጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው፣ በዚያው በተያዘበት ስስ ጃኬት። ከስቷል። አቅፌው ሳለቅስ የመጀመሪያ ቃሉ «እማዬ ሰምታለች?» ነበር። አልሰማችም ስለው ነው እሱም ያለቀሰው። ቤት ገብቶ ሽሮውን ድስቱን ጠራርጎ በላ። አሁን ለመንጃ ፈቃዱ የጽሑፍ ፈተና እያጠና ነው፤ ፈቃዱን ይዞ ዳኛው ፊት ቢቀርብ እንደሚጠቅመው ጠበቃው ነግሮናል። ቀጠሮው ከፋሲካ በፊት ነው። እኔም ከሥራ ቀርቼ አብሬው እቆማለሁ። እስከዚያ ቤቱ እኔ ጋ ነው፤ ፖስታውንም ወደዚህ አዛውረናል።

አትቆጣው፣ ወንድም ዓለም። አንተ አባት ሆነህ ነው ያሳደግኸው፣ የሚፈራውም አንተን ነው። የሚጣን ሰርግ አበላሸሁ እያለ እህል አይወርድለትም። ስትደውልለት ስለ እስሩ አታንሣ፤ ስለ ሰርጉ አጫውተው፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን ሚዜ እንደሆነ። እኔንም አጫውተኝ። ጦሳ ሥር ያለው ግቢያችን ለሰርጉ ሲጠረግ፣ ሴቶቹ ጌሾ ሲወቅጡ ይታየኛል፤ የሚጣን ጠጉር እኔ ነበርኩ የምሠራላት፣ አሁን ማን ሊሠራላት ነው? የማልመጣው ገንዘብ ስላጣሁ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቴ ገና ነው፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህን ለሷ በደንብ አስረዳልኝ። ለሰርጌ አልመጣችም ብላ እንዳትይዝብኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሰው ሦስት ዕቃ ይሰጥሃል፤ የእማዬን የደም ብዛት መለኪያ፣ የሦስት ወር መድኃኒቷን፣ የሚጣን የሰርግ ጫማ። መለኪያውን ጠዋት ቡና ሳትጠጣ በፊት አስርላትና ቁጥሩን በደብተር ጻፈው፤ ለሐኪሟ ያሳያል። መድኃኒቱን ዛሬ ደህና ነኝ ብላ እንዳታቋርጠው ተቆጣጠርልኝ፤ ታውቃታለህ፣ ጠበል ስትጀምር ክኒኑን ትተዋለች። ሁለቱንም አብራ ትውሰድ፣ የንስሐ አባቷም እንዲህ እንዲሏት ንገራቸው።

ገንዘብ ደግሞ 700 ዶላር በባንክ ልኬልሃለሁ፣ ቁጥሩን በስልክ ለብቻህ እነግርሃለሁ። ለድንኳኑና ለወንበሩ ቀብድ፣ ለበርበሬና ለቅቤም ይበቃል። በሬው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይቆይ። ክሱ ቶሎ ከተዘጋ ያስያዝኩት ይደርሳል፤ ካልደረሰ ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ነው፣ እልካለሁ። ቀኑን ግን አታዛውሩ፤ ሽማግሌዎቹንም እኅትየዋ ቃሏን ትጠብቃለች በልልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

እኅትህ