ለልጄ፣ ወደ ሥራሽ ከመመለስሽ በፊት

የተወደድሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ከእናትሽ ጋር ሁለት ጊዜ አነበብነው። እሷ ያለቀሰችው «ደህና ነኝ» ያልሽበት ቦታ ላይ ነው፤ የእኔ ዓይን ግን የቀረው በመጨረሻው መስመር፣ ሥራ በገባሽበት ቀን መልቀቂያሽን እንደምታስገቢ በጻፍሽው ላይ ነው። አሥራ አራት ወር በጸሎትና በዝምታ ከቆየሽ በኋላ ነርስነቱ ባዶ ሆኖ እንደታየሽ፣ እግዚአብሔርም ወደ ሌላ መንገድ እየጠራሽ እንደሆነ ገልጸሻል። ሊሆን ይችላል። የምለምንሽ ግን በመጀመሪያው ወር ምንም እንዳትወስኚ ነው።

ይህን የምልሽ ለደመወዝሽ ሳስቼ አይደለም፤ እናትሽ እንደዚያ ብትጠረጥረኝም። አንቺ ሳትወለጂ ታምሜ አሥራ አንድ ወር ከሥራ እንደራቅሁ ከአክስትሽ ሰምተሻል፤ የተመለስሁበትን ቀን ግን ማንም አልነገረሽም። ወንበሬ ለሌላ ሰው ቁመት ዝቅ ተደርጎ፣ በመሳቢያዬ ውስጥ የማላውቀው ሰው መነጽርና ጫፉ የታኘከ እርሳስ ተቀምጦ አገኘሁ። ክፉ ቃል የተናገረኝ አልነበረም፤ ሥራው ያለ እኔ መሄዱ ግን አንገበገበኝ። በሦስተኛው ቀን መልቀቂያ ጻፍሁ፤ በሕመሜ ወራት ብዙ ጸልዬ ስለነበር ለጠየቀኝ ሁሉ «ጥሪ ነው» አልሁ፤ እናትሽም አመነችኝ። ኩርፊያ እንደነበር የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ለጸሎት በቆምሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ወንበር ነበር፤ ይህን ለእናትሽም አልነገርሁም።

በልጅነትሽ ደጋግሜ የነገርሁሽን የአባ ዮሐንስ ሐጺርን ታሪክ ታስታውሺያለሽ። እንደ መላእክት ሥራ ሳልሠራ ፈጣሪዬን ላገልግል ብሎ ወደ በረሃ ወጣ፤ በሳምንቱ ተመልሶ በር ሲያንኳኳ ወንድሙ «ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፤ ከሰው ጋር የለም» ብሎ እስኪነጋ ውጭ አቆየው። አንቺ በወንድሙ መልስ ትስቂ ነበር፤ እኔ ዛሬ የማስበው ሌሊቱን በር ላይ ያደረውን ነው። ያም ሆኖ ከታላላቆቹ የበረሃ አባቶች አንዱ ሆነ፤ መመለሱ መንገዱን አልዘጋበትም። ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን ሐዋርያ ከሆነ በኋላ በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር።

አሁን በግልጽ መልሺልኝ፤ የሰለቸሽ ሕመምተኛ መንከባከብ ነው ወይስ የሌሊት ተራውና ያቺ አለቃሽ? አለቃሽ ከሆነች የክፍል ለውጥ ጠይቂ እንጂ እግዚአብሔርን ምክንያት አታድርጊ። ሕመምተኛው ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነውና ለንስሐ አባትሽ ሳታስቀሪ ንገሪ፤ ያም ቢሆን በመጀመሪያው ወር አትወስኚ።

የሙያ ፈቃድሽ የሚታደስበት ቀን እንዳያልፍ ዛሬውኑ ተመልከቺ፤ ብትለቂም ባትለቂም ያስፈልግሻል። ከሌሊት ተራ በወጣሽበት ጠዋት ተኚ እንጂ ደብዳቤ አትጻፊ። ወሩ ካለፈ በኋላ ልብሽ ካልተለወጠ እኔው እመጣና መልቀቂያውን አብረን እንጽፋለን፤ አጻጻፉን እንኳ አውቅበታለሁ። እናትሽ ደግሞ አሮጌው የሥራ ጫማሽ ተረከዝሽን ያቆስልሽ ስለነበር ሳትመለሺ አዲስ እንድትገዢ ብላለች።

አባትሽ