ፓስፖርት ማሳየት የሚበቃው ለማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከማሌዥያዋ ደሴት ከላንካዊ ተነስቶ ወደ ታይላንዷ ኮ ሊፔ ደሴት በጀልባ ስለመሻገር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ማሌዥያ ያለን ኢትዮጵያውያን ተቀባብለን አነበብነው። ስለ ባሕሩ ቀለም የተጻፈው እውነት ነው። ስለ ነጩ አሸዋ የተጻፈውም እውነት ነው። እኔን ያበሳጨኝ መሀል ላይ የገባው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ድንበሩን ለመሻገር ፓስፖርት ማሳየት ብቻ ይበቃል» ይላል።

የማንን ፓስፖርት?

የምትጽፉት በአማርኛ ነው። አንባቢያችሁ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ነው፤ ወይ ደግሞ ለማውጣት ወረፋ የሚጠብቅ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ግን ለእኛ የተጻፈ አይደለም። የሌላ አገር ቱሪስት ለአገሩ ሰው የጻፈውን እንዳለ ያመጣችሁት ይመስለኛል። ሲመጣ እኛን የት ጣላችሁን? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ ነገር ለኛ ሰው ይሠራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ይህን የምለው ነገሩ በራሴ ስለደረሰ ነው። ለትምህርት ወደዚህ አገር እንደመጣሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ሊፔ ለመሄድ ተነሳን። ቲኬቱን በኢንተርኔት ስገዛ ስለ ቪዛ የጠየቀኝ የለም። ገንዘቤን ግን ወዲያው ተቀበሉ። በማግስቱ ጠዋት ላንካዊ ላይ ባለው ኩዋ ወደብ ተሰለፍን፤ ያ ትልቁ የንስር ሐውልት ያለበት አካባቢ ማለት ነው። የጓደኞቼ ፓስፖርት አንድ በአንድ እየታየ ፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ገባ። የኔ ተራ ሲደርስ ሠራተኛዋ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ አለቃዋን ጠራች። «የታይላንድ ቪዛ የታለ?» አለኝ፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሻንጣውን እየገፋ አለፈኝ። ጓደኞቼ እንቅር ብለው ነበር፤ ሂዱ አልኳቸው። ጀልባው ሲነሳ እኔ ገንዘቤን መልሱልኝ እያልኩ ከመስኮት መስኮት እመላለስ ነበር። አልመለሱልኝም። እስካሁን ሳስበው አንጀቴ ያራል።

«ኢትዮጵያዊ ታይላንድ ሲደርስ ቪዛ ያገኝ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለሕክምና ወይም ለንግድ ባንኮክ የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹም ቪዛውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተሰልፈው ሲወስዱ ኖረዋል። ግን ይህ ቪዛ በየኬላው አይታደልም። የታይላንድ መንግሥት ለይቶ ባስቀመጣቸው መግቢያዎች ብቻ የሚሰጥ ነው። ባንኮክ ላይ ስለተሰጠ ደሴት ላይ ያለች ትንሽ የኢሚግሬሽን ቢሮም ትሰጣለች ማለት አይደለም። በጀልባ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ቪዛውን ቀድሞ ይዞ ቢነሳ ነው የሚሻለው። ከአገር ቤት ለሚመጣ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አለ። ታይላንድም ማሌዥያም ይጠይቁታል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ስለ እነዚህ ነገሮች አንዲት ቃል አልጻፋችሁም።

እንዲያውም ዓረፍተ ነገሩ ለአውሮፓዊውም አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ዜጋ፣ በአየርም ይምጣ በባሕር፣ ታይላንድ ከመግባቱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ማሌዥያም የራሷ ቅጽ አላት። ታዲያ «ብቻ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ከሁሉ የከፋው ግን መመለሱ ነው። ኢትዮጵያዊ ማሌዥያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛው አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ላንካዊ ላይ የመውጫ ማህተም ሲመታበት አለቀ። ለሁለት ቀን ዋኝቼ እመለሳለሁ ያለ ሰው ሊፔ ላይ ይቀራል። ሊፔ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ያለው አማራጭ በሌላ ጀልባ የታይላንድ የየብስ ወደብ ወደሆነችው ፓክ ባራ ሄዶ ታይላንድን በየብስ መያያዝ ነው። የመልስ በረራው ከኩዋላ ላምፑር፣ ሻንጣው ላንካዊ ሆቴል! ይህን ለአንባቢ አለመንገር ቀላል ግድፈት ነው? እኔ አይመስለኝም። ሰው ገንዘቡንና ክብሩን የሚያጣበት ነገር ነው።

ኋላ ቪዛ አውጥቼ ተሻግሬያለሁ። እናንተ «በቀላሉ» ያላችሁት ይህን ይመስላል። ትልቁ ጀልባ አሸዋው ድረስ አይጠጋም። ባሕሩ ላይ ቆሞ ሰውን ረዣዥም የእንጨት ጀልባዎች ላይ ያወርዳል፤ ጫማህን አውልቀህ ውሃ ውስጥ ትወርዳለህ። ፓስፖርትህ ግን አንተ ጋ የለም። ከላንካዊ ጀምሮ ሠራተኞቹ ይዘውታል። አሸዋው ላይ ቆመህ ስምህ እስኪጠራ ትጠብቃለህ። የፈረንሳዩ ተጠራ፣ የእንግሊዙ ተጠራ፣ የማሌዥያው ተጠራ። የኔ መጨረሻ ላይ ተጠራ። ቪዛው እያለ እንኳ መኮንኑ ገጹን ወደ ብርሃን አዙሮ ደጋግሞ አየው። የኛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ቢያንስ አይደነግጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የዘለላችሁት እኛን ብቻ አይደለምና። ሊፔን «ቱሪስቶች ያገኟት ደሴት» ብላችኋታል። ደሴቷ ላይ ኡራክ ላዎይ የሚባሉ የባሕር ሰዎች አሉ፤ ሆቴል ሳይሠራ በፊት እዚያ የነበሩ ናቸው። ዛሬ ጀልባው የሚሻገረው ድንበር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲያም፣ ማለትም የዛሬዋ ታይላንድ፣ እና እንግሊዝ በተዋዋሉት ስምምነት ነው። ዛሬ የማሌዥያ ግዛት የሆነው ኬዳህ ከነላንካዊ ለእንግሊዝ ሲሰጥ፣ ዛሬ የታይላንድ ክፍለ ሀገር የሆነው ሳቱን ከነሊፔ ለሲያም ቀረ። ባሕሩ ላይ እንደልባቸው ሲመላለሱ የኖሩትን ሰዎች አስተያየታቸውን የጠየቀ አልነበረም። ስለ ደሴት የሚጽፍ ሰው የደሴቱን ሰዎች አንድ መስመር እንዴት ይነፍጋል?

የምጠይቀው ግልጽ ነው። እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል አውጡት። ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አትደብቁት። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የታይላንድ ቪዛ ቀድሞ እንዲይዝ፣ የማሌዥያው ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን እንዲያረጋግጥ፣ የክትባት ካርዱን እንዳይረሳ ጻፉለት። ጽሑፋችሁን አይተው ልጆቻቸውን ይዘው ሊሄዱ ያሰቡ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ቪዛቸው አንዴ ብቻ የሚያስገባ ነው። እነሱን እኔ ነግሬያቸዋለሁ። የማላውቃቸውን ሌሎቹን መንገር ግን የእናንተ ሥራ ነው። በዝናቡ ወራት የቆሙት ጀልባዎች እንደገና የሚነሱት በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ነው። እርማቱ ከዚያ በፊት ይውጣ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከኩዋላ ላምፑር