ይድረስ ለክቡር የጤና ቢሮ ኃላፊ፦ የእናቴን ጀርባ ማን ያየዋል?

ክቡር ሆይ፣ ስሜን ባያስታውሱት እንኳ ሳይሰለጥኑ ስለሚላኩ አስታማሚዎች ያስገባሁትን ማመልከቻ ያውቁታል። ከጥር ጀምሮ አራት ጊዜ ቢሮዎ ገብቷል፣ አራቱንም ጊዜ የመለሳችሁኝ በቃል ነው፣ በወረቀት የተሰጠኝ አንድ መስመር የለም። በር ዘግተን ስንነጋገር ስላልተሰማሁ አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ።

እናቴን ስትሮክ ከመታት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፣ አፏ ተይዟል፣ ሽንቷ በቱቦ ነው የሚወርደው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ጠዋት 11 ሰዓት ከደሴ ወጥቼ በዛ ጉም የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ቤት የምገባው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። እህቴ አረብ አገር ናት፣ የአስታማሚ ብር የምትልከው እሷ ናት። ደላላ ፈርተን ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሄድን፣ የታመመ ሰው መያዝ የሰለጠነች ናት አሉን፣ ማህተም ያለው ሰርተፍኬት አሳዩን፣ እኛም ያንን አምነን የቤት ሠራተኛ ደሞዝ እጥፍ ከፈልን።

የመጣችው ከለጋምቦ ገጠር የወጣች የ18 ዓመት ልጅ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ይሄን ማንም እንዳያጣምብኝ። እናቴን «አብሽሪ እማ» እያለች ነበር የአጃ ሾርባ የምታጎርሳት። ግን በጀርባዋ አስተኝታ ነበር የምታጎርሳት። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይቸግረዋል፣ ቀና ብሎ ካልተቀመጠ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፣ ከበላም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና እንዳለ መቆየት አለበት። እኔና ልጅቷ ይሄን የሰማነው እኩል ነው፣ እናቴ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ከገባን በኋላ።

ቁስሉንም ያየነው እዛው ነው። ነርሷ ልታጥባት ስታገላብጣት፣ ከወገቧ በታች ጭራ አጥንቷ ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ። ሽታውን እኔ ለሳምንት ያህል የዳይፐር ነው ስል ነበር። ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም እናቴ መናገር ስለማትችል ስንት ቀን እንዳመማት አላውቅም። ነርሷ «በየሁለት ሰዓቱ አታገላብጧትም እንዴ?» ስትል ልጅቷ «ቱቦው ይነቀላል ብዬ ፈርቼ ነው» ብላ እዛው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስንት ቀን ነው የሰለጠንሽው አልኳት። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው አለች፣ እሱም ካውያና የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ሰርተፍኬቱን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

እና ወደ እናንተ መጣሁ። ኤጀንሲው የጤና ተቋም ስላልሆነ አይመለከተንም፣ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ሂጂ አላችሁኝ። እዛ ስሄድ የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አይሸፈንም፣ ውል ካለሽ ፍርድ ቤት ክሰሺ ተባልኩ። ተመልሼ እናንተ ጋ መጣሁ። በአራተኛው ጊዜ ስመጣ አንድ የቢሮዎ ሰው ምን አለኝ መሰልዎት፣ «እናትን እኮ ልጅ ነው የሚያስታምማት፣ ራስሽ ብትይዣት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለኝ። ሰው በተሰለፈበት። እኔ ቤት ብቀመጥ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? መድኃኒቱንስ? ከፋብሪካ መልስ ሌሊት ሦስቴ ተነስቼ የማገላብጣት እኔ ነኝ፣ ሰውየው ይሄን ሳይጠይቅ ነው የፈረደብኝ።

አዋጁ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ለብቻው በደንብ ይወሰናል ብሎ እንደተወው እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ይንከባከባል ይላል። አቅም የለም እንዳይሉኝ፣ እኔ ገንዘብ አልጠየቅኩም። አስታማሚ ብሎ ሰው የሚልክ ድርጅት የላከው ሰው ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ የሽንት ቱቦ መያዝ እንደሚችል የሚያረጋግጥ አንድ ቢሮ ይኑር፣ ያ ቢሮ የትኛው እንደሆነም በጽሑፍ ይነገረን ነው ያልኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየቤቱ ይመጣሉ፣ እኛ ቤት የመጣችው ስለ ሽንት ቤትና ስለ ክትባት ጠይቃ ሄደች፣ እናቴ ግድግዳው ማዶ ተኝታ። እቤታችሁ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ ወይ ብላ ጠይቃ ብርድ ልብሱን ገልጣ ጀርባና ተረከዝ ብታይ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ቁስል መጀመሪያ ቆዳ ላይ እንደ መቅላት ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቀለሙ ቶሎ አይታይም፣ ስለዚህ ሙቀቱን በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያኔ ቢታይ ኖሮ ጉድጓድ አይሆንም ነበር።

አሁን ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርዎት። ኤጀንሲው ልጅቷን ከኛ ቤት ባወጣት በሳምንቱ ሌላ ቤት አስገብቷታል፣ በዛው ሰርተፍኬት፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ጋ። ባለፈው ሐሙስ ማታ በተዋሰችው ስልክ ደወለችልኝ። መጀመሪያ «የእማ ቁስል ዳነ?» አለችኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሽማግሌውን እንዴት እንደምታገላብጣቸው ጠየቀችኝ፣ የቤቱን ሰዎች እንዳትጠይቅ አታውቅም ብለው እንዳያባርሯት ፈርታለች፣ የመጀመሪያ ወር ደሞዟን ኤጀንሲው ወስዶባታል። እኔም ጉልበታቸውን እጠፊው፣ አንዱን እጅሽን ትከሻቸው ላይ አንዱን ዳሌያቸው ላይ አድርገሽ ወዳንቺ አዙሪያቸው፣ አትጎትቺያቸው ቆዳው ይላጣል፣ ጀርባቸው ላይ ትራስ አስደግፊ፣ የሽንት ከረጢቱን ከፍ አታድርጊው ብዬ ነገርኳት። ነርሷ ያሳየችኝን ነው የነገርኳት። ካርድ አልቆ ስልኩ ሲቋረጥ ስለ ማጉረሱ ገና አልጨረስኩላትም ነበር፣ መልሼ ብደውል ዝግ ነው።

የሽማግሌውን ቤት አላውቀውም። ኤጀንሲውን ስጠይቅ ምን አገባሽ አሉኝ። እርስዎ ግን መጠየቅ ይችላሉ፣ ሥልጣኑም ስልኩም እጅዎ ላይ ነው። የሰኞን ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የአራቱን ማመልከቻ ኮፒ ይዤ ቢሮዎ በር ላይ ነኝ። ከኔ ጉዳይ በፊት ግን ዛሬውኑ ይደውሉና እኚያን ሽማግሌ የሚያይ ሰው ይላኩ።