የእኔ ሳንባ ዓመቱ አልሞላ ይሆን?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ማጨስና ስለ ሳንባ ባወጣችሁት ዘገባ «ሲጋራ ያቆመ ሰው ሳንባ በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል» የምትለዋን ስሰማ ላጨበጭብ ብድግ አልኩ። ትንፋሽ አጠረኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ካቆምኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል።

ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ዘጌ ስንደርስ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን መንገድ፣ በቡናው ጥላ ውስጥ፣ ፊት ፊት እየሄድኩ እንግዳ የምመራው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ነጠላ ያጣፉ አሮጊቶች ያልፉኛል። እኔ «ጀልባዋን ልጠብቅ» ብዬ እቀራለሁ። ማን ሊወስዳት!

ሐኪም ቤት በመሣሪያ አስነፍተው ሲለኩኝ ያስረዱኝን ልንገራችሁ። ጤነኛ ሰው እንኳ ከሠላሳ ዓመቱ ወዲህ በአንድ ሰከንድ የሚያስወጣው አየር በየዓመቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንስበታል። ጭሱ የጠናበት አጫሽ ላይ ቅናሹ 60ም ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሲያቆም ፍጥነቱ ወደ ጤነኛው ሰው ይጠጋል፤ የሄደው ግን ሄዷል። የፈረሱ የአየር ከረጢቶች ተመልሰው አይሠሩም። አክታ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ያገግማሉ፣ ሳልም ይቀንሳል። የእኔም ቀንሷል፣ አልክድም። ማቆም አይጠቅምም ያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ባላቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁም ባልኖረ። ግን የተጠረገ ቤትና የታደሰ ቤት አንድ ነው እንዴ?

ሐኪም ጠይቃችኋል፣ አጫሽ ጠይቃችኋል፣ የሲጋራ መተርኮሻ ሳይቀር ፎቶ አንስታችኋል። ያቆመ ሰው ግን አንድም የለም። ፋሲሎ በኩል ጠዋት ጠዋት ቡና የምንጠጣ አራት አለን፤ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ስለማይስማማን እኛን ለማግኘት ደረጃ መውጣት እንኳ አያስፈልጋችሁም ነበር።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ትጎዳለች?» ትሉ ይሆናል። ያነበበልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ባጃጅ ይነዳል። «ጋሼ፣ ሰሙ? አርባ ሲሞላኝ አቆማለሁ፣ በአርባ አንዴ አዲስ ነኝ» አለኝና ከሱቅ በደረቴው አንድ ፍሬ ገዝቶ እዚያው ለኮሰ። እኔ ስለው የኖርኩትን ሁሉ እናንተ በአንድ መስመር አፈረሳችሁት። የታተመ ነገር ከአጎት ይበልጣላ!

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ርዕሱ ላይ ይሁን። ልጁ ከርዕስ በታች ብዙም አያነብም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንዳገኛት እንጃ።

ጀልባ ነጂው
ከባሕር ዳር