የሥነ ሕይወት ክበብ፦ የተጠማው በሶብላ

ጥቅምት ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ "አያቴ ውኃ ያጠረው በሶብላ ሽታው ይበረታል ይላሉ፤ እውነት ነው?" ስትል ጠየቀችኝ። ተክሉ ራሱ ይመልስላት ብዬ የክበቡን አባላት 24 አሮጌ ጀሪካን አስቆረጥኋቸው። አፈርና ፍግ እኩል መጥነን በሶብላ ዘራን። ችግኙ ሲጠነክር ግማሹን በየ2 ቀኑ፣ ግማሹን በየ6 ቀኑ ማጠጣት ጀመርን።

በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት የግቢያችን ጥበቃ የጠወለጉት አሳዝነዋቸው ሁሉንም እኩል ሲያጠጡ ሰነበቱ። የካቲት ላይ እንደገና ጀመርን፤ ከዚያ ወዲህ የውኃ ተራውን የሚመዘግቡልን እሳቸው ሆኑ።

ግንቦት ላይ ቅጠሉን ለቅመን፣ በጥላ አድርቀን መዘንን። የተጠሙት ምርት የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዓይናቸውን ሸፍነው ካሸተቱት ተማሪዎች ግን አብዛኞቹ "ይኼ ይበረታል" ያሉት የተጠማውን ነው። በማይክሮስኮፕ ስናይም በትንሿ ቅጠል ላይ ዘይት የሚቋጥሩት እጢዎች ተጠጋግተው ነበር።

ውኃ ሲያንስ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም ይዘጋሉ። ውኃው ይቆጠባል፤ ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ልብ ስለማይገባ እድገቱ ይገታል። ፀሐይዋ ግን አትጠፋም። ሥራ ላይ ያልዋለው ብርሃን ቅጠሉን የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶችን ይፈጥራል፤ እነዚህን ለመቋቋም ብዙ ዕፅዋት ፌኖሊክና ተርፒን የሚባሉትን፣ ለበሶብላው ሽታም መነሻ የሆኑትን ውህዶች ያበዛሉ። እኛ መድኃኒት የምንለው በአብዛኛው ተክሉ ለራሱ መከላከያ የሠራውን ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አስቆምኋቸው። በአንድ ግራም ቅጠል ውስጥ ያለው ዘይት ቢጨምርም ቅጠሉ ካነሰ ከአንድ ተክል የሚገኘው ጠቅላላ ዘይት ሊቀንስ ይችላል። ድርቁ ከጸና ደግሞ ዘይቱ ራሱ የሚወርድባቸው ዕፅዋት አሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የመጠኑ ነገር ነው። በየቤታችን ዳማከሴውም ጤና አዳሙም የሚለካው በእፍኝና በዘለላ ነው። የክረምቱ እፍኝና የበጋው እፍኝ ግን ኃይላቸው ላይተካከል ይችላል፤ ጤና አዳም ደግሞ ሲበዛ ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርማ እጅግ አደገኛ ነው። ተማሪዋ ይህን ለአያቷ ስትነግራቸው "በበጋ እኮ ከዘለላው ቀነስ አድርጌ ነው የምቆርጠው" አሏት።

ጀሪካኖቹ ታጥበው ተደርድረዋል። ለመስከረም ተራው የጤና አዳም ነው።