የ1966 ማዕድ ያለ ወሎ አይቀርብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጅማ ውስጥ ሆቴል ወጥ ቤት የምሠራ አብሳይ ነኝ። ሰሞኑን ለ1966 አብዮት መታሰቢያ እራት የተሰጠኝ ዝርዝር ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጠጅ ብቻ ነው። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ እጄ እሺ አላለኝም። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ቴሌቪዥን የወሎን ረሀብተኛ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አጣምሮ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀርበው በባዶ ሳህን መሐል አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ይሁን አልኩ፤ እናቴ እንደምትቆላው፣ ሳያርር፣ ገለባው በእጅ ታሽቶ። ቀጥሎ ሽሮ፣ ያለ ቅቤ። ቤንዚን ተወድዶ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ላቆሙበት የካቲት ደግሞ የጅማ ቡና፣ ያለ ስኳር። አዘጋጆቹ «እንግዳ ያዝናል» አሉኝ። ቢያዝን ምን አለበት? ቆሎውን ከዝርዝሩ አላወጣም።

አብሳይዋ፣ ከጅማ