ለልጄ፦ ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ ላልሽኝ

ልጄ፣

«እማ፣ አርት ስኩል ልፈተን ወይስ አባዬ እንዳለው ሶፍትዌር ልምረጥ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግኩም። አክስትሽ ከጎንሽ ሆና እየሰማች፣ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፣ ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳታነቢ። ተፈተኚ። ካለፍሽ ግቢ። ግን «የምወደው ነገር ስለሆነ» ብቻ ብለሽ አትግቢ። ሠዓሊነት ሥራ ነው ብለሽ ግቢ። እንደ ሥራ ተማሪው፣ እንደ ሥራ አስከፍዪበት፣ እንደ ሥራ በጠዋት ተነሺለት። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ አባትሽ። ሶፍትዌር ያለው ሥዕልሽን ንቆ አይደለም። አባትሽ ያደገበትን አገር አስቢው። እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ተከብሮ፣ በእጁ የሚሠራ የሚሰደብበት አገር ነበር። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ይሉት ነበር። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን በየቤቱ ቀጠለ። አዝማሪውስ? ሠርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ልጅ ስጡኝ ብሎ ሽማግሌ ቢልክ ግን ስንቱ ይሰጠው ነበር? አባትሽ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። ፍርሃቱ ሁለት ነው፤ አንዱ እንጀራ ነው፣ አንዱ ደግሞ ሰው ልጄን ዝቅ አድርጎ ያያታል የሚል ነው። ሁለተኛውን አፍ አውጥቶ አይነግርሽም። እኔ ስለማውቀው ነው የምነግርሽ። ስትከራከሪው ይህን ልብ ብለሽ ተከራከሪው።

የእንጀራው ነገር ግን እውነት ነው፤ አልደብቅሽም። ሥዕል ብዙ ሰው የማይገዛበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ዐውደ ርዕይ ሲከፈት አዳራሹ ይሞላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ብዙው ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ገዢው ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው የውጭ ሰው፣ ሆቴልና ድርጅት ነው። ቀለምና ሸራ ደግሞ ከውጭ ስለሚገባ ዶላር በወጣ ቁጥር አብሮ ይወጣል። ይህን ሳታውቂ እንድትገቢ አልፈልግም።

ግን «አስተማማኙ» መንገድስ እንዴት ነው? መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ገደማ 70/30 የሚባል አሠራር አመጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ማለት ነው። ያኔ ወላጅ ሁሉ ልጄ ኢንጂነር ይሆንልኛል አለ። እኔ የምሠራበት የኮንስትራክሽን ድርጅት በር ላይ በየሳምንቱ ሲቪ ይዘው የሚመጡ ልጆች አያለሁ። ሲቪል ጨርሰዋል፣ ውጤታቸው ጥሩ ነው፣ «ያለ ደመወዝም ቢሆን ልምድ ልያዝ» ይላሉ። አንጀቴን ይበሉታል። ኢንጂነሪንግ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ብዙዎቹ ግን ስለሚወዱት ሳይሆን «ያበላል» ስለተባሉ ነው የገቡት። የተባለው ሲቀር በእጃቸው የቀረ ነገር የለም። ሥራው ባይገኝ እንኳ ማታ ቁጭ ብለው የሚያነቡት፣ የሚሞክሩት ነገር አይደለም። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

አባትሽ «አሁን እኮ ኤአይ በሰከንድ ይሥለዋል» ይላል። ልክ ነው፤ ይሥላል። ያው ኤአይ ኮድም ይጽፋል። ስለዚህ ይህ ሶፍትዌርን ከሥዕል የሚያስበልጥ ምክንያት አይሆንም። ርካሽ የባነርና የፖስተር ሥራ ይቀንሳል፤ ይህን እኔም እያየሁት ነው። ስለዚህ አንቺ የምትማሪው ለርካሹ ሥራ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሰው ሁሉ «ጎበዝ ሠዓሊ ናት» ይልሻል። እኔን ያሳመነኝ እሱ አይደለም። የዘፋኞችን ፎቶ እያየሽ የምትሥዪው ጎረቤቱን ሁሉ ያስገርማል፤ እኔ ግን በእሱ ብቻ ቢሆን አላምንሽም ነበር። ያሳመነኝ አያትሽ ምስር ስትለቅም የሣልሻት ነው። እጇን ብቻ ነበር የሣልሽው። የቀኝ አውራ ጣቷ አንጓው ላይ እብጥ ያለ ነው፣ ጥፍሯ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ያን አንጓ እምቢ ብሎሽ፣ ላጲስ ወረቀቱን እስኪያሳሳው ደመሰስሽው። ሌላ ወረቀት አወጣሽ። እራት ቀረበ፣ አልመጣሽም። አያትሽ እንኳ «ኧረ በቃ፣ እጄ ዛለ» አለችሽ። በመጨረሻ ሲሳካ ለማንም አላሳየሽም፤ ደብተርሽ ውስጥ ከተትሽው። ፍላጎት የምለው ይህን ነው። የሚያጨበጭብ ሰው በሌለበት፣ አሰልቺውን ክፍል ደጋግሞ መሥራት የሚችል ሰው ያንን ሥራ ይችለዋል። ሶፍትዌር ላይ እንዲህ ስትሆኚ ባይሽ ኖሮ ሶፍትዌር ግቢ እል ነበር።

ሁልጊዜ የሚነገር ታሪክ አለ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር፤ ሥዕል ተምረው ተመለሱ። ሙላቱ አስታጥቄም ዌልስ የሄዱት ኢንጂነር እንዲሆኑ ነበር፤ የኢትዮ ጃዝ አባት ሆኑ። አንቺም ይህን ለአባትሽ ልትጠቅሺለት እንደምትችዪ አውቃለሁ። አትጥቀሺለት። የእነሱን ስም የምናውቀው ስለተሳካላቸው ነው። ኢንጂነሪንግ ትተው ሥዕል ጀምረው ያልተሳካላቸውን ማንም አይተርክልንም፤ አባትሽ የሚፈራው ደግሞ እነሱን ነው።

ከሎሬት አፈወርቅ ሕይወት ሌላ ነገር ተማሪ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የእሳቸውን ባለቀለም መስታወት በትምህርት ቤት ሄደሽ አይተሽዋል። 150 ካሬ ሜትር ነው። ያ ሥራ ትዕዛዝ ነው፤ ቦታው የተወሰነ፣ የሚጠብቅ አሠሪ ያለበት ሥራ። ሰውየው ቴምብር ሣሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሣሉ። ትዕዛዝ መቀበል ጥበብን መሸጥ ነው የሚሉሽ ልጆች ይኖራሉ፤ አትስሚያቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ደግሞ ተመልከቺ። ጀርመን ኮሎኝ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመለሱ፣ በወቅቱ ብዙ ሰው ያልለመደውን ዓይነት ሥዕል ነበር ይዘው የመጡት። ግን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ደመወዝ ያለው ሰው ገበያው የማይወደውን ለመሣል ድፍረት ያገኛል። ማስተማር ለሠዓሊ ሽንፈት አይደለም።

አባትሽ «ሶፍትዌር ትማር፣ ቅዳሜና እሁድ ትሣል» የሚለውም ከንቱ ሐሳብ አይደለም። ለጸሐፊ ያስኬዳል። ሐዲስ አለማየሁ ዲፕሎማት ነበሩ፤ ታላላቅ ልብ ወለዶቻቸውንም ጽፈዋል። ብዕርና ወረቀት ማታም ይሆናል። የእጅ ሥራ ግን ሌላ ነው። የቀን ብርሃን ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ በልጅነት የሚገራ እጅና ቆሞ «ይሄ መስመር ልክ አይደለም» የሚልሽ መምህር ይፈልጋል። ያንን በ30 ዓመትሽ ከሥራ መልስ መጀመር ይቻላል፤ ግን ይከብዳል። ሶፍትዌርን በኋላ መማር የሚቀል ይመስለኛል። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፤ አባትሽ ባይስማማም።

አሁን እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ሠዓሊዎችንና ዲዛይነሮችን የማውቃቸው ክፍያ ሊጠይቁ ሲመጡ ነው። አንድ ልጅ ነበር፣ ለአንድ ድርጅት ሎጎና የግድግዳ ሥዕል የሠራ። ሥራው እጅን በአፍ የሚያስጭን ነው። ውል የለውም፤ በቴሌግራም ነው የተስማሙት። ቀብድ አልተቀበለም። ደረሰኝ ሲባል የለውም፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ሲባል አላወጣም። ያዘዘው ሰው ከሥራ ለቋል። አዲሱ ሰው «እኔ አላዘዝኩም» አለው። ልጁ ስንት ጊዜ ተመላልሶ የተሰጠው ከተስማማው ግማሽ አይሞላም። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ግን እስካሁን እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል።

ያ ልጅ ችሎታ አልጎደለውም። ስለዚህ አንቺ ገና ተማሪ ሳለሽ ይህን ያዢ። በቃል አትሥሪ፤ አንድ ገጽም ቢሆን ይጻፍ። ምን እንደምትሠሪ፣ መቼ እንደምታስረክቢ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክዪ፣ ስንት እንደሚከፈልሽ። ቀብድ ሳትቀበዪ እርሳስ አታንሺ። ለዘመድም ቢሆን። በተለይ ለዘመድ። ቲን አውጪ፤ ከሌለሽ ከክፍያሽ ላይ የሚቆረጠው ብዙ ነው። ዋጋ ስታወጪ የቀለሙን ብቻ አትቁጠሪ፤ የሠራሽበትን ሰዓት፣ የትራንስፖርቱን፣ ያስተካከልሽበትን ቁጠሪ። መጀመሪያ ላይ አብሬሽ እቆጥራለሁ።

ሕጉንም እወቂው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሥራው በሕይወትሽ ዘመንና ካንቺ በኋላም 50 ዓመት ጥበቃ አለው ይላል። ስምሽ እንዲጠቀስም መብት ይሰጥሻል። ግን ብዙ ሠዓሊ የማያስተውለው አንቀጽ አለ፤ ተቀጥረሽ ወይም ታዘሽ የሠራሽው ሥራ ላይ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር፣ የገንዘብ መብቱ ያሠራሽ ሰው ነው። ሥዕልሽን ለአንድ ካፌ ግድግዳ ሠርተሽ በኋላ ቲሸርት ላይ ታትሞ ብታገኚው ልትናደጂ ትችያለሽ፤ መልሱ ግን ያለው በፈረምሽው ወረቀት ላይ ነው።

ከእኛ ምን እንደምትጠብቂም ግልጽ ላድርግ። እስክትመረቂ ድረስ ቤትም ምግብም ያለሽ እዚህ ነው። ሰርቪሱን አስለቅቄ ላንቺ አደርገዋለሁ፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ጥሩ ብርሃን አለው። የቀለም ወጪ በየወሩ የምንችለውን እንሰጥሻለን፤ ከዚያ የሚበልጠውን አንቺ ሠርተሽ ትሞይዋለሽ። በምላሹ የምጠይቅሽ እንግሊዝኛሽን እንዳትተዪና ኮምፒውተር ላይ መሥራትም ጎን ለጎን እንድትማሪ ነው። ክፍል እንዳትቀሪ ደግሞ አደራ። ሠዓሊ ነኝ ብሎ እስከ ረፋድ መተኛት በእኔ ቤት የለም።

ባታልፊስ? የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት ጀምሮ ብዙ ልጅ የሚመኘው ቦታ ነው፤ ብዙም ጎበዝ ይመለሳል። የመጀመሪያው ዓመት ባይሳካ ዓለም አይገለበጥም። አርክቴክቸር መሙላት ትችያለሽ፤ እሱም እጅሽን ሥራ አያስፈታውም። ወይም በግል መምህር ጋ እየሠራሽ ትጠብቂያለሽ። ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ተስፋ ቆርጠሽ የማትወጂውን ከመሙላትሽ በፊት ግን ንገሪኝ።

ለፈተናው እዚያ እያለሽ ተለማመጂ። ጣናን አትሣዪ፤ እሱን ሁሉም ይሥለዋል። የአክስትሽን ጀበና፣ የተጣለ ጫማ፣ ገበያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሣዪ። በእርሳስም በከሰልም ሞክሪ። ፎቶ እያየሽ አትሥሪ። ስትመጪ ደግሞ ያበላሸሻቸውንም ወረቀቶች ይዘሽ ነይ፤ አባትሽ እነሱን እንዲያይ እፈልጋለሁ። እስካሁን ያየው ያማረውን ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምትደክሚበት አያውቅም።

የመኪናውን ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ሐሙስ ተነሺ፤ ዓርብ ከሥራ በጊዜ እወጣለሁ፣ አባትሽም ቤት ይሆናል። ለአክስትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እናትሽ